እማዬ ስንት ሰዓት ነው የምትበረው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እናቴ በሰኔ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ልትመጣልኝ ነው፣ ቲኬቱን እኔ ነኝ የቆረጥኩላት። ከቦሌ 22:40 ተነስታ በማግስቱ 08:10 ዳለስ (የዋሽንግተን ኤርፖርት) ትገባለች ይላል፣ ስትመለስ ደሞ ከዳለስ 11:00 ተነስታ በማግስቱ 07:30 አዲስ አበባ። ስቀንሰው መምጫው 9 ሰዓት ተኩል መመለሻው 20 ሰዓት ተኩል ይመጣብኛል፣ መንገዱ አንድ አይደል እንዴ? ጉልበቷን ያማታል ብዙ መቀመጥ አትችልም። ወንድሜ ደሞ መሬት ስለምትዞር ነው ይለኛል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፣ ረጅሙ መምጫው ነው። ቲኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ስለሚጻፍ ዝም ብለሽ ብትቀንሺ አይሰራም። በሰኔ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች (ብርድ ሲገባ እናንተ ሰዓት ስለምትቀይሩ 8 ይሆናል፣ እኛ እንኳን አንነካውም)። ስለዚ 9 ተኩሉ ላይ 7 ጨምሪ፣ 16 ሰዓት ተኩል። ከ20 ተኩሉ ላይ 7 ቀንሺ፣ 13 ሰዓት ተኩል።

ርቀቱማ በሄድሽበት ያው ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ። ልዩነቱን የሚያመጣው ቦሌ ነው። ኤርፖርቱ ከባህር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳል፣ ስለዚ ሰውና ሻንጣ የሞላ አውሮፕላን ለዛ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። መሀል ላይ አርፎ ይሞላል፣ ለዓመታት ደብሊን ነበር የሚያርፈው። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ ታንኩን ሞልቶ ቀጥ ብሎ አዲስ አበባ።

ወንድምሽን መሬትስ ትዙር፣ አየሩም አብሯት ይዞራል በይው። የሚያግዘው ንፋሱ ነው፣ አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ሀይለኛ ንፋስ አለ፣ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜም አለ፣ ሲመጡ ከፊት ይገፋቸዋል ሲመለሱ ከኋላ።

አንድ ነገር ግን አደራ፣ 22:40 ማለት ለእናትሽ ማታ 4:40 ነው፣ በሀበሻ ሰዓት ጽፈሽ ላኪላቸው። የኔ አክስት ቲኬቷ ማክሰኞ 00:20 ይል ነበር፣ እሷ ማክሰኞ ማታ ነው ብላ በርበሬዋን ሽሮዋን አሽጋ ከነሸኚዎቿ ቦሌ ስትደርስ አውሮፕላኑ ትናንት ሄዷል፣ ለኛ እኮ እሱ ገና ሰኞ ማታ 6:20 ነበር!

ስትቀበያቸው በ08:10 አትሩጪ፣ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ አለ፣ ለሳቸው ደሞ ከቀኑ 9 ሰዓት አልፏል። ለጉልበታቸው የመተላለፊያ ዳር መቀመጫ ያዢ፣ ዊልቸርም ከአሁኑ አስመዝግቢላቸው። አልታመምኩም ብለው ይቆጡሻል፣ የኔዋም ተቆጥታ ነበር፣ በኋላ የኢሚግሬሽኑን ሰልፍ ስታየው ዝም ብላ ተቀመጠች።