ለብቸኛ ነጂ ካታማራን፦ ብቻህን የምታነሳትን ግዛ

ወንድምዓለም፣ «ደሴ አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ ብቻዬን የምነዳት ባለሸራ ካታማራን (ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ጎን ለጎን የተያያዙባት ጀልባ) ልገዛ ነው፤ ሆቢ 14 ትሻለኛለች ወይስ 16?» ብለህ ጠይቀሃል። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሸራ የለመድኩት ግን ዱባይ ስሠራ ነው። ሁለቱንም ነድቻቸዋለሁ። 14ቷን ውሰድ።

16ቷ ትፈጥናለች፣ ታምራለችም። ግን የሁለት ሰው ጀልባ ናት፤ 145 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ካታማራን ሰፊ ስለሆነች ቶሎ አትገለበጥም። አንዴ ከተገለበጠች ግን በራሷ አትቃናም። አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ ታዞራለህ፤ የሸራውን ገመድ ትለቃለህ፤ ማንሻውን ገመድ በላይኛው ቀፎ አሳልፈህ፣ ታችኛው ቀፎ ላይ ቆመህ፣ በሙሉ ክብደትህ ወደ ኋላ ትንጠለጠላለህ። እግርህ ያዳልጥሃል። ሸራው ውሃ አዝሏል። መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው 16ቷን ብቻውን ማንሳት ይቸግረዋል። ዱባይ እርዳታ ቅርብ ነው፤ ሐይቅ መሃል ላይ ግን ማን ይደርስልሃል?

14ቷ ከመነሻው ለአንድ ሰው የተሠራች ናት፤ ወደ 108 ኪሎ ትሆናለች። ቢሆንም መጀመሪያ ዳር ላይ፣ ሰው እያየህ፣ ሆን ብለህ ገልብጠህ አንሳት። ምሰሶው ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ኳስ ግጠምላት፤ ሙሉ በሙሉ እንዳትደፋ ይይዛታል። ተንሳፋፊ ጃኬትህን ደግሞ ለደቂቃም አታውልቅ፣ በእናትህ!

ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፍጥነት ያለው ንፋስ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ደከም ብሎ ይገፋሃል። ለዚህ ብለህ ትልቅ ሸራ አትመኝ። በተራራ መሃል ያለ ውሃ ላይ ንፋስ በድንገት ይጠነክራል። የሸራውን ገመድ በእጅህ ያዝ፣ አትሰረው።

በንፋሱ ፊት ዞረህ አቅጣጫ ስትቀይር ፍጥነት ይዘህ ግባ፤ ካለዚያ ቀላል ካታማራን ንፋሱ ፊት ቀጥ ብላ ትቀራለች።

አሮጌ ከሆነች የሁለቱንም ቀፎዎች የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣትህ ጫን ጫን አድርግ። ከሰረጎደ ውስጡ ተላቋልና ተዋት። ከጅቡቲ ወደብ ተነስታ ሚሌን፣ ባቲንና ሐረጎን አልፋ እስክትደርስም ብዙ ብር ትበላለች። ምሰሶው አሉሚኒየም ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት እንዳታቆመው።

ከመክፈልህ በፊት ቀፎዎቹን ስትጫን በቪዲዮ ቀርጸህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።