የወንድ ፊት፦ ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

እንዴት አመሻችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች። ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ተማሪ ሳለሁ ለኪስ ገንዘብ ብዬ ፀጉር ቤት ቶንዶስ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ስለ ወንድ ፊት ከማውቀው ግማሹን የተማርኩት እዚያ ነው። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ጠይቁኝ። ሁለት ነገር ግን ላስቀድም። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ። ስሙን የማታውቁትን ክሬም ደግሞ ፊታችሁ አታስነኩ። ይቺን ዛሬ ስንት ጊዜ እንደምደግማት እናያለን።

ጠባሴ፦ ዶክተር፣ ፊቴ ተበላሽቷል። ምን ልቀባ?

መልስ፦ ምኑ ነው የተበላሸው? ብጉር ነው? ድርቀት ነው? ያሳክካል? ከመቼ ጀምሮ? ይህን ይዘህ ተመለስ። ዶክተርም አትበለኝ።

ሙሽራው፦ በተላጨሁ ቁጥር አገጬ ሥርና አንገቴ ላይ ሽፍ ይልብኛል። በመርፌ እያወጣሁት ይጠቁራል። ሠርጌ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። እርዳኝ።

መልስ፦ ስጠብቅህ ነበር። የኛ ፂም ጥቅልል ነው። ምላጭ አስጠግቶ ሲቆርጠው ጫፉ ይሾላል። መልሶ ሲያድግ ይታጠፍና የገዛ ቆዳህን ይወጋል። ሰውነትህ እሾህ የገባበት ይመስለውና ያብጣል። ብጉር አይደለም፤ የብጉር ሳሙና እየገዛህ አትክሰር።

መላጨት ዛሬውኑ አቁም። ሦስት፣ አራት ሳምንት ታገሥ። ፀጉሩ ሲረዝም አብዛኛው ከተቀበረበት በራሱ ይወጣል። መርፌውን ለእናትህ መልስላት፤ የጠቆረው ከመቆፈርህ ነው፣ እሱ ለመጥፋት ወራት ይፈጃል። ለሠርጉ በቶንዶስ አንድ ሚሊሜትር ያህል አስቀርተህ አሳጥረው። በፎቶ ማንም አይለየውም።

ምላጭ የግድ ነው የምትሉ ደግሞ ስሙ። ከሻወር በኋላ ይሁን፣ ፂሙ በሞቀ ውሃ ይራስ፣ አረፋ ይኑረው። ቆዳውን ወጥራችሁ አትያዙ። አንድ ቦታ ላይ አትመላለሱ። አንገት ላይ ፂም በየአቅጣጫው ነው የሚበቅለው። በጣታችሁ ዳብሱት፤ የሚለሰልስላችሁ ወዴት ስትሄዱ ነው? ምላጩም ወደዚያው ይሂድ። ማታ ማታ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የፊት ቅባት፣ 2.5 ወይም 5 ፐርሰንቱን፣ በስሱ መቀባት ይረዳል። ፎጣና የትራስ ልብስ ግን ቀለሙን ያስለቅቃል፤ በኋላ እኔን እንዳትወቅሱ።

ማጅራትም አለ። ፀጉር ቤት ማጅራታችሁን በምላጭ አታስጠርዙ። እየቆየ ጠጠር የመሰለ እብጠት ያወጣል፤ አንዳንዱ ላይ ጠባሳው አድጎ ይቀራል። እኔ ራሴ ደንበኛ «ጠበቅ አድርገው» ሲለኝ ጠበቅ አደርገው ነበር። አሁን ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት ባየሁ ቁጥር እሳቀቃለሁ።

ጠባሴ፦ እኔ ከተላጨሁ በኋላ አረቄ ነው የማስነካው። አባቴም እንደዚያ ነበር፣ ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ያቃጥላል፣ ቆዳ ያደርቃል። ተው።

የመንዝ ልጅ፦ የደብረ ብርሃንን አረቄ አገጭ ላይ ማፍሰስ ግፍ ነው።

ቆላው፦ ብርዳሞች! ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ አረቄውም ክሬሙም ባላስፈለጋችሁ።

የመንዝ ልጅ፦ እናንተ ጋ ደግሞ ወባው አለ።

ጠባሴ፦ አባቴ 80 ዓመቱ ነው፣ ፊቱ እንደ ብርጭቆ ነው ስላችሁ።

መልስ፦ የጠባሴን አባት ለቀቅ አድርጉልኝ። ጥያቄ ያለው?

የመንዝ ልጅ፦ እሺ። የመሐል ሜዳ ነፋስ ፊቴን ልጦታል። ፀሐዩ ግን ስለማይሞቅ አይጎዳም አይደል?

መልስ፦ የሚጎዳው ሙቀቱ አይደለም፤ የማይታየው ጨረር ነው። በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 ፐርሰንት ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ናት፣ እናንተ ከኛም በላይ ናችሁ። ብርዱ ያታልላችኋል እንጂ ፀሐዩ እየጠበሳችሁ ነው። ጥቁር ቆዳ ይከላከላል፣ ግን ግድግዳ አይደለም። የብጉርም የምላጭም ጥቁረት የሚብሰው በፀሐይ ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከገዛህ SPF 30 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ጭመቅ፤ ውጭ ከዋልክ በየሁለት ሰዓቱ ድገመው። ዋጋው ከከበደህ ሰፊ ባርኔጣ። ጆሮንና ከንፈርን አትርሳ።

ለልጠቱ፦ ፊትህን በልብስ ሳሙና አትታጠብ። ለብ ባለ ውሃ ጠዋትና ማታ ይበቃል። ውሃው ሳይደርቅ ቫዝሊን በስሱ። ብጉር ያለበት ሰው ቫዝሊኑን ትቶ ቀለል ያለ ሎሽን ይፈልግ።

ቆላው፦ ቆላ ከሆንን እኛ ነጻ ነን ማለት ነው?

መልስ፦ አላልኩም።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ጋቢ ይይዝብኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ማታ ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ይዘፍዝፉት፣ ያድርቁት፣ ቫዝሊን ጠቀም አድርገው ይቀቡና ካልሲ አድርገው ይተኙ። ስኳር ካለብዎ ግን በድንጋይ አይፈግፍጉት፤ ለሐኪም ያሳዩ።

ቆላው፦ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ጽሑፍ የሌለው ብልቃጥ አመጣልኝ። በሳምንት ፊቴን አጠራው። አሁን ሳቆመው ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ብጉር ወረረኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ምን አልኩ? ስሙን የማታውቁትን ክሬም! በሳምንት የሚያጠራ ብልቃጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ጠንካራ ስቴሮይድ፣ የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የምንለው። ሐኪም ለበሽታ፣ ለተወሰነ ቀን ሲያዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ለፊት ማጥሪያ ሲሆን ግን ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ስታቆመው እንዲህ ይበቀልሃል። ጭርት ላይ ከቀባኸው ደግሞ የዳነ መስሎ ውስጥ ውስጡን ይስፋፋል። ከማቅያዎቹ ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል። ብልቃጡን እንዳትጥለው። ይዘኸው የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ፤ ሎሚ ምናምን አትጨምርበት። ሎሚ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ያቃጥላል።

ዝምተኛው፦ ክንዴ ላይ ነጣ ያለ ነገር አለ። አያሳክክም።

መልስ፦ አይንህን ጨፍን፣ ሰው በጥጥ ይንካህ። ይሰማሃል?

ዝምተኛው፦ ብዙም አይሰማኝም።

መልስ፦ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ። ምንም አትቀባ። ሥጋ ደዌ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ከሆነም ይድናል፣ መድኃኒቱ በነጻ ነው። መዘግየት ነው የሚጎዳው፤ ነርቭ ይበላል። ሄደህ ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ዶክተር፣ ፊት ቶሎ የሚያቀላ ክሬም ስሙን ብትነግረኝ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ረጅም ነው።

መልስ፦ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ሙሽራው፦ አንድ የመጨረሻ። ሚዜዎቼ የሠርጉ ዕለት ጠዋት በምላጭ ካልተላጨህ ብለው ተማምለዋል።

መልስ፦ ቶንዶሴን ይዤ እመጣለሁ። ጠባሴ አረቄውን ያምጣ፤ ለመጠጥ።