መልስ፦ እስክንድርያ ለአንድ ሳምንት
ሰላም እህቴ። «ሳምንት ሙሉ እስክንድርያ አይሰለችም ወይ?» ላልሽው፣ እኔን አልሰለቸኝም። ከካይሮ በባቡር ሂጂ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ የቃይትባይን ምሽግ እዪ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ ጥንታዊው የፋሮስ መብራት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ወደ ማምሻው ይሻላል፤ ነፋሱ ግን ነጠላ ይነጥቃል! ለኮም ኤል ሹቃፋ የመቃብር ዋሻዎችና እ.ኤ.አ. በ2002 ለተከፈተው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት አንድ አንድ ቀን ይበቃል። የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሳታዪ እንዳትመለሺ። አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጵጵስና የተቀበሉት በዚህችው ከተማ፣ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው። የቀረውን ቀን ባሕሩ ዳር ዓሣ እየበላሽ አሳልፊው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ይቅርብሽ፤ ሙቀቱን የሸሸ የካይሮ ሰው ሁሉ እዚያ ነው።