«ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይስ ዝም ልበል?»

ከጎንደር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ፒያሳ አካባቢ ባለ ባንክ መስኮት ላይ ከተቀመጥሽ ስምንት ወርሽ ነው። የአባትሽ የዕድር ጓደኛ ሒሳብ ውስጥ ከብዙ ሰው ገንዘብ ይገባል፤ በዚያው ቀን ተጠራርጎ ይወጣል። ጨንቆሽ ስክሪኑን በስልክሽ ፎቶ አንስተሻል። ፖሊስ ጋ ልሂድ፣ ዝም ልበል ወይስ ሥራውን ልልቀቅ ነው ጥያቄሽ።

አትልቀቂ። ፖሊስ ጋም አትሂጂ። ዝምም አትበይ።

በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ለመከላከል በወጣው አዋጅ መሠረት ባንክ አጠራጣሪ ግብይትን የሚያሳውቀው ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ነው። መረጃው እዚያ ተተንትኖ፣ የሚያስኬድ ሆኖ ሲገኝ ለፖሊስና ለሌሎች የሕግ አስከባሪዎች ይተላለፋል። አንቺ የምታቀርቢው ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅሽ ነው፤ እሱ ከሰውየው ጋር ቅርበት ካለው በቀጥታ ለዋናው መሥሪያ ቤት ኮምፕላያንስ (የሕግ ተገዢነት) ክፍል። ሰውየው ጥፋተኛ ናቸው አይደሉም ብሎ መወሰን የአንቺ ሸክም አይደለም። በቅን ልቦና ሪፖርት ያደረገን ሠራተኛ ሕጉ ከተጠያቂነት ይጠብቀዋል።

እኔም በወጣትነቴ መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ሪፖርቴ «የደንበኛው ሁኔታ ያጠራጥራል» የሚል አንድ መስመር ነበር። አለቃዬ ወረቀቱን መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ምኑ?» አለኝ፤ መልስ አጣሁ። እንዲህ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፦ «ሒሳቡ ሲከፈት ሥራቸው የመንግሥት ሠራተኛ ተብሎ ተመዝግቧል። ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ከ11 ሰዎች ይህን ያህል ብር ገባ፤ 9 ሰዓት ላይ ሁሉም በጥሬው ወጣ። ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ‹የዘመድ ነው› አሉ።» ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ ከአፋቸው የወጣው ቃል። የአንቺን ግምት ተዪው።

የአገሩ ልጅ መሆንሽ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የመተማ ሰሊጥ ነጋዴ በጆንያ ብር ይዞ ቢመጣ ወቅቱ ነው። ዕቁብ የደረሳት የጉልት ነጋዴም በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ገንዘብ ብታስገባ አያስደንቅም። ያው ጆንያ ሰኔ ላይ፣ ሰሊጥ ነግዶ ከማያውቅ ሰው እጅ ሲመጣ ነው ማጣራት የሚያስፈልገው። ይህን ልዩነት ኮምፒዩተር አይነግርሽም።

አደራ የምልሽ ምስጢሩን ነው። ሪፖርት መቅረቡን ለደንበኛው መንገር፣ በሰው በኩልም ቢሆን፣ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ለአባትሽም አትንገሪ። ዕድር ላይ ስታገኚያቸው እንደ ወትሮሽ ሰላም በያቸው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባትሽን የሚያከብሩ ሰው ናቸውና።

ሙያው ያዋጣል ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ ከልቤ ነው የምልሽ። አገራችን በዚሁ በሕገ ወጥ ገንዘብ ቁጥጥር ጉዳይ በ2009 በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል የክትትል ዝርዝር ውስጥ ገብታ ጥቅምት 2012 ነው የወጣችው። ባንኮች አዋጁን የሚያውቅና አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። አዋጁን በአማርኛው አንብቢው፤ ኤክሴልሽን አጠናክሪ፤ በኮምፕላያንስ የውስጥ ክፍት ቦታ ሲወጣ ተወዳደሪ።

ነገ ጠዋት መስኮቱ ሳይከፈት የሪፖርቱን ቅጽ ጠይቂና ሞልተሽ አስረክቢ። የስልክሽን ፎቶ ግን ዛሬውኑ አጥፊው፤ የደንበኛ ምስጢር ነው፣ መዝገቡ ባንኩ ውስጥ አለ።