ኪሳችን ውስጥ ምን ይኑር?

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ በየቀኑ ይዘን ስለምንወጣው ትንንሽ የኪስ ዕቃ። ደብዳቤዎቹ ረዘም ስለሚሉ አሳጥሬያቸዋለሁ። መልሱን ግን አላሳጠርኩም፣ ምክንያቱም ጉዳዩን በጣም እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ ከስልክ፣ ከቁልፍና ከገንዘብ ቦርሳ ሌላ ምንም ይዤ አልወጣም። ግን ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይቸግረኛል። አንድ ቀን እስክሪብቶ፣ ሌላ ቀን መቀስ፣ ሌላ ቀን የስልክ ኬብል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትንሽ ከረጢት አለችው፣ የፈለግኩት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገኛል። እኔም እንደሱ ላዘጋጅ ብዬ ዝርዝር ስፈልግ ያገኘሁት ጫካ ውስጥ ለጠፋ ሰው የሚሆን ነው፤ ኮምፓስ፣ የዓሣ መንጠቆ፣ የማይረጥብ ክብሪት። እኔ ቢሮ ነው የምውለው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንን ዝርዝር ለጊዜው ተወው። ለተዘጋጀለት ሰው ጥሩ ነው፤ ላንተ ግን የሚጠቅምህን የምታገኘው ከራስህ ውሎ ነው። ለሁለት ሳምንት እንዲህ አድርግ። «ምነው ይሄ ነገር በኖረኝ» ባልክ ቁጥር ስልክህ ላይ ጻፈው። ከሰው የተዋስከውንም ጻፍ፤ ሰው ጠይቆህ «የለኝም» ያልከውንም ጨምር። ምንም አትግዛ፣ መጻፍ ብቻ። በመጨረሻ ደጋግሞ የመጣውን ትይዛለህ፣ አንዴ ብቻ ብቅ ያለውን ታልፈዋለህ። ከዚህ ውጪ የሚሆነው ሲጠፋ ጤና ላይ ጉዳት የሚያመጣ ነገር ነው። አስም ካለብህ የሚነፋው መድኃኒት፣ ከባድ አለርጂ ካለብህ ሐኪም ያዘዘልህ መርፌ ተጻፈም አልተጻፈም ካንተ አይለይ።

ቢሮ የሚውል ሰው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ወደ ተመሳሳይ ነገር ነው። እስክሪብቶ፣ አጭር ኬብል፣ የሚቆርጥ ነገር፣ ትንሽ መብራት፣ ሁለት ሦስት የቁስል ፕላስተር፣ ጥቂት የራስ ምታት ክኒን፣ መርፌ ቁልፍ፣ የታጠፈ የወረቀት ገንዘብ። እዚህ ላይ እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፣ ብዙ ሰው የሚረሳውን፤ የሦስት ወይም የአራት ሰው ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት። ዛሬ የእናቱን ቁጥር እንኳ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። ስልክህ በጠፋ ወይም ባትሪው ባለቀ ቀን አንድ ደግ ሰው የራሱን ቢሰጥህ ለማን ትደውላለህ? በእርሳስ ጻፈው። የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል፣ እርሳስ ግን አይፈስም። የምትወስደው መድኃኒት ወይም የማይስማማህ ነገር ካለም ከቁጥሮቹ ሥር ጨምረው።

«ስልኬ መብራት አለው፣ ሌላ ለምን?» እንደምትል አውቃለሁ። የስልክ መብራት መጥፎ ሆኖ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ግን ስልክህ ለመደወል ስለሚያስፈልግህ ባትሪውን በመብራት ባትጨርሰው ይሻላል፤ ደግሞ አንድ እጅህን ይይዝብሃል፣ ጥርስህ መሃል አድርገህ በሁለት እጅህ አትሠራም። በአንድ ቀጭን ድንጋይ የሚሠራ፣ ከጣት ብዙም የማይበልጥ የእጅ ባትሪ በቂ ነው። ስትገዛ በጣም ኃይለኛውን አትፈልግ። የቁልፍ ቀዳዳ ለማግኘት 5 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ጨለማ መንገድ ለመሄድ 100 ሉመን በቂ ነው። ዋናው ነገር ዝቅ ማድረግ መቻሉ ነው። ሲበራ ወዲያው በከፍተኛ የሚጀምር ከሆነ ሌሊት የራስህን ዓይን ያጥበረብርብሃል።

መርፌ ቁልፍን አትናቃት። ዚፕ ሲበላሽ፣ የሱሪ ቁልፍ ሲበጠስ፣ የቦርሳ ማንገቻ ሲላቀቅ እስከ ቤት ታደርስሃለች። ዛሬ የምናውቃትን መርፌ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1849 ያስመዘገባት ዋልተር ሀንት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ መብቱን በ400 ዶላር ሸጦታል። ከዚያ ወዲህ አሠራሯ ያን ያህል አልተለወጠም፣ መለወጥም አላስፈለጋት። ከእሷ ጋር ያንን ጠንካራውን ባለ ጨርቅ ማሸጊያ ፕላስተር አንድ ሜትር ያህል ባረጀ የባንክ ካርድ ላይ ጠቅልለህ ያዝ። የተገነጠለ ሶል፣ የተቀደደ ቦርሳ፣ የተላጠ የጆሮ ማዳመጫ ሽቦ፣ ለሁሉም ይሆናል። የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ግን እንዳትጠቀምበት።

አሁን ወደ መጠኑ። ሁሉም ተሰብስቦ ከመዳፍህ ከበለጠ በዛ። ብዙ ሰው የከረሜላ ቆርቆሮ ይመርጣል፤ ዕቃ ከመጨፍለቅ ያድናል፣ ግን ይንኳኳል፣ ስትቀመጥም ጎንህን ይወጋሃል። እኔ ዚፕ ያላት ጠፍጣፋ የጨርቅ ከረጢት ትሻላለች ባይ ነኝ። ሞልተህ ኪስህ ውስጥ ክተታትና ቁጭ በል፣ ደረጃ ውጣ፣ ትንሽ ሩጥ። ካስቸገረችህ አንድ ነገር አውጣ፣ እንደገና ሞክር። የሚያስቸግር ነገር ሳምንት ሳይሞላው ቤት ይቀራል። የኋላ ኪስ ውስጥ ደግሞ ወፍራም ነገር አታድርግ። ለረጅም ሰዓት እንደዚያ መቀመጥ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጫነው ይችላል፣ በወፍራም ቦርሳ ምክንያት ዳሌያቸውንና እግራቸውን የሚያማቸው ሰዎች አሉ።

ጥያቄ፦ የሴት ልብስ ኪስ ስልኬን እንኳ አይዝም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ችግሩ ቦርሳ ስቀያይር ግማሹ ዕቃ አሮጌው ውስጥ ይቀራል። ያለውም ቢሆን በሚያስፈልገኝ ሰዓት አይገኝም፤ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳውን ጠረጴዛ ላይ መገልበጥ ሰለቸኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቦርሳውን ማስተካከል ተይው፣ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ አንዲት ትንሽ ከረጢት አዘጋጂ። ቦርሳ ስትቀይሪ የምታዛውሪው እሷን ብቻ ነው። ቀለሟ ደማቅ ይሁን። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ከረጢት ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ወዲያው ትታያለች፣ ይህ ብቻውን የፍለጋውን ግማሽ ይቀንስልሻል። ሞዴስ፣ የፀጉር ላስቲክ፣ እርጥብ ሶፍት፣ ቀድሞ ክር የገባባት መርፌ (ስትቸኩይ ክር ማስገባት ምን ያህል እንደሚያናድድ ታውቂዋለሽ)፣ እነዚህ ለላይኛው ጠያቂ ከዘረዘርኩት በተጨማሪ ናቸው።

ግን ሁሉንም እዚያ ውስጥ አታድርጊ። ቦርሳው ቢሰረቅ ወይም ታክሲ ውስጥ ቢረሳ ባዶ እጅሽን መቅረት የለብሽም። አንድ የታጠፈ ብር እና የስልክ ቁጥሮቹን ወረቀት ከስልክሽ ሽፋን ጀርባ አድርጊ። ትንሿን መብራትና ፊሽካ ከቤት ቁልፍሽ ጋር እሰሪያቸው። ፊሽካው ውስጡ የምትንከባለል ኳስ የሌለው ዓይነት ይሁን፣ ቢረጥብም ቢቆሽሽም ይሠራል። ሰው ሲጮህ ጉሮሮው ቶሎ ይደክማል፣ ፊሽካ ግን ለመንፋት ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሦስት ጊዜ ነፍቶ ዝም ማለት፣ እንደገና ሦስት ጊዜ መንፋት በብዙ ቦታ የእርዳታ ጥሪ ተደርጎ ይታወቃል። እና አደራ፣ የቤትሽ አድራሻ የተጻፈበት ነገርና የቤትሽ ቁልፍ አንድ ቦታ አይቀመጡ።

ጥያቄ፦ 10,000 የሚል ፓወር ባንክ ገዛሁ። ስልኬ 5,000 ነው። ሁለት ጊዜ ይሞላል ብዬ ነበር፣ አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈውና ያልቃል። ተታለልኩ?

መልስ፦ አልተታለልክም ማለት ይቻላል። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተባለው የውስጡ ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ወደ ስልክህ የሚወጣው ግን ቢያንስ 5 ቮልት ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል ያ ቁጥር ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሲለወጥ የተወሰነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ስልክህም ሲቀበል የራሱን ያባክናል። ከተጻፈው ውስጥ ሲሶ ያህሉ እንደሚጠፋ ገምት። ፓወር ባንኩን ገልብጠህ እይ፤ ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ በደቃቅ ፊደል ትክክለኛውን የሚወጣ መጠን ይጽፋሉ። እሱ ቁጥር እንኳ የሌለው፣ በጣም ቀላል ሆኖ በጣም ትልቅ ቁጥር የተለጠፈበት ከሆነ ግን አትመነው።

ለኪስ ከሆነ 5,000 ይበቃል። ሥራው ስልክህን ከመጥፋት አድኖ ቤት ማድረስ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መመገብ አይደለም። ኬብሉ ከስንዝር አይብለጥ። ረጅም ኬብል ይጠላለፋል፣ አንገቱ ላይም ቶሎ ይበጠሳል። ከተቻለህ ዕቃዎችህን ሁሉ ወደ ዩኤስቢ ሲ አምጣቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ ስልኮች በዚህ እንዲሞሉ ግዴታ ስላደረገ፣ አንድ ኬብል ለስልክህም፣ ለመብራትህም፣ ለጆሮ ማዳመጫህም የሚሆንበት ጊዜ ላይ ነን።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ሰንጢ አለች። ፖስታ እከፍትባታለሁ፣ እርሳስ እቀርጽባታለሁ። አሁን ውጭ አገር ያለችውን ልጄን ልጠይቅ ልሄድ ነው። «አባባ፣ ሰንጢህን ቤት ተዋት» ትለኛለች። ይህን ያህል ነገር አለው?

መልስ፦ አባቴ፣ በዚህ ልጅዎ ልክ ናት። ሰንጢ ራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ነው። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ ሲከፈት የማይቆለፍ፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ (7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ነው። ሲከፈት «ቀጭ» ብሎ የሚቆለፈው ትንሽ ቢሆንም አይፈቀድም። አውሮፕላን ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። የአሜሪካ ፍተሻ ማንኛውንም ስለታም ሰንጢ ወደ መቀመጫ ክፍል አያሳልፍም። አውሮፓ ውስጥ ክልክሉ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ስለት ነው፣ ሆኖም ፈታሹ ካላመነበት ሊወስድብዎት ይችላል። የሚወዷት ሰንጢ ስለሆነች ለዕድል አይተዋት። ጠቅልለው ጭነት በሚሆነው ሻንጣ ውስጥ ያስገቧት፣ የሚሄዱበት አገር ሕግ ከፈቀደ እዚያ ደርሰው ያወጧታል።

ለመንገዱ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ትንሽ መቀስ ይበቃዎታል። ወደፊት ሰንጢ መለወጥ ከፈለጉ 58 ሚሊ ሜትር የምትሆነውን ትንሿን የስዊዝ ቢላ እመክርዎታለሁ። ትንሽ ስለት፣ መቀስ፣ የጥፍር ሞረድ፣ ወረንጦና የጥርስ እንጨት አላት፤ ከቁልፍ ጋር ትታሰራለች፣ አይታወቅዎትም። የዚህ ዓይነት ቢላ ዘር የተጀመረው በስዊዘርላንዳዊው ቢላ ሠሪ በካርል ኤልዜነር ነው፤ የመኮንኖች ቢላ የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1897 አስመዝግቧል። ብዙ ጊዜ የምትፈለገው ደግሞ ስለቷ ሳትሆን መቀሷ ናት።

ፓወር ባንክ ካለዎት እሱ በተቃራኒው ነው፤ ጭነት ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን መለኪያ ነው) ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ባለ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓቱ 37 ዋት ሰዓት ስለሆነ ችግር የለውም። በበረራ ላይ መጠቀምን የሚከለክሉ አየር መንገዶች ግን አሉ፣ ሲሳፈሩ ይጠይቁ። መድኃኒትዎንም ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅዎ ይያዙ፣ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል።

ጥያቄ፦ የኪስ ዕቃዬን ካዘጋጀሁ ቆየሁ። ባለፈው መብራቱን ላበራ ስል አልሠራም፣ ስከፍተው ውስጡ ነጭ ዱቄት ነገር ሆኗል። ፕላስተሩም አይለጠፍም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ነጩ ነገር ከድንጋዩ የፈሰሰ ኬሚካል ነው። ተራ የአልካላይን ድንጋይ አልቆ ወይም አርጅቶ ውስጥ ሲቀመጥ ይፈሳል። በባዶ እጅ አትንካው፤ ጓንት አድርገህ በጥጥ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ነክረህ ጥረገው፣ አድርቀው፣ ብረቱ ካልተበላ ተመልሶ ይሠራል። ለሚቆይ ዕቃ የሊቲየም ድንጋይ ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ለዓመታት ይቀመጣል፣ የመፍሰስ ዕድሉም በጣም ያነሰ ነው።

የፕላስተር ሙጫ በሰውነት ሙቀት ያረጃል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ቀይረው። ክኒንም እንደዚያው ነው። ከነማሸጊያው ስትቆርጠው ስሙና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ክፍል አብሮ ይምጣ፤ ስም የሌለው ክኒን ለራስህም ለሰውም አትስጥ። ፓራሲታሞል ከሆነ ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን አይበልጥም፤ ብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ስለሚገኝ ደርበህ እንዳትወስድ። አስፒሪን ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም።

ወር በገባ ቁጥር ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው። መብራቱን አብራ፣ ፓወር ባንኩን ሙላ፣ የተጠቀምክበትን ተካ፣ ከተዘጋጀ ጀምሮ አንዴም ያልነካኸውን (ፕላስተሩን፣ መድኃኒቱንና ቁጥሮቹን ሳይጨምር) አውጣ። ከፍተህ ስትመልሰው ደግሞ የመብራቱን የኋላ ክዳን ሩብ ዙር ላላ አድርገው፤ እንዲህ ከሆነ ኪስህ ውስጥ በራሱ በርቶ ድንጋይ አይጨርስም።