እፅዋት ያለው አኳሪየም በትንሽ ብር፦ ተክሉን ስትገዢ ተጠንቀቂ

«በትንሽ ብር እፅዋት ያለው አኳሪየም ቤቴ ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ከምን ልጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ብዙ ሰው «ሱቅ ሄደሽ ሙሉውን ግዢ» ብሎሻል። እኔ በዚህ አልስማማም። በእኔ የደረሰው በአንቺ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንቺም እንደኔ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ውኃ በፈረቃ የምታገኚ ነሽ ብዬ ልነሳ።

1. ገንዳውን አሠሪው። መስታወት የሚሸጡ ቤቶች ልኬቱን ከሰጠሻቸው ይቆርጡልሻል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35 ሳንቲም ይበቃል፤ መስታወቱ ባለ 6 ሚሊ ይሁን። ሲሞላ ውኃው ብቻ 60 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የቲቪ ማስቀመጫ ላይ እንዳትጭኚው። ሲሊኮኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ሻጋታ የሚከላከል መድኃኒት ያለበት ለመታጠቢያ ቤት ነው፣ ዓሣ ይገድላል። ከተለጠፈ በኋላ የኮምጣጤ ሽታው እስኪጠፋ ሳምንት ያህል ታገሺው።

2. ከሥር ሁለት ጣት አፈር፣ ከላዩ ሁለት ጣት የታጠበ አሸዋ። አፈሩ ፍግ ያልነካው ይሁን፤ ፍግ ውኃ ውስጥ ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ይለቃል። አሸዋው ላይ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ተይው። ለግንባታ የሚመጣው ሬድ አሽ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ አሞኒያ ለሚበሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጥሩ መኖሪያ ነው። ደህና አድርገሽ አጥበሽ ጥግ ላይ ከምሪው።

3. ተክሉ። ብሬን የበላኝ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ጠርዙ ነጭ የሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም የሚያምር ቅጠል አሳየኝ። «ውኃ ውስጥ ነው የሚያድገው» አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ደግሞ ማለልኝ። ዋጋው ከዓሣዎቹ ይበልጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ቤቴ የገባ ሁሉ አድንቆታል። ቆይቶ ግንዱ ከታች ላሸቀ፤ በጣቴ ስነካው ቅርፊቱ ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። ውኃው ሸተተ። አንድ ጠዋት ዓሣዎቹ ሁሉ ላይ ወጥተው አየር ሲለቃቅሙ አገኘኋቸው። አንድም አልተረፈም።

ተክሉን በፌስታል ይዤ ሱቁ ሄድኩ። ሰው ፊት «ውኃ መንከባከብ ካልቻልክ ዓሣ ለምን ትገዛለህ?» አለኝ። ይባስ ብሎ የውኃ መድኃኒት ሊሸጥልኝ ሞከረ! በኋላ ያንኑ ተክል መንገድ ዳር አበባ ከሚሸጡ ልጆች ዘንድ አፈር ላይ ተተክሎ አየሁት፣ ያውም በርካሽ። የቤት ውስጥ አበባ ነው። ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ከተነከረ መበስበሱ አይቀርም። ሰውዬው ይህን አያውቅም ብዬ አላምንም።

አንቺ ስትገዢ ተክሉን ከውኃ አውጥተሽ ያዢው። ውኃ ውስጥ ያደገ ከሆነ እንደ ረጠበ ክር እጅሽ ላይ ይተኛል። ቀጥ ብሎ ከቆመ ጠርጥሪ። አኑቢያስ የሚባለው ተክል ግን ደረቅ ቢልም እውነተኛ ነው፤ እሱን ደግሞ ወፍራሙን ግንድ አትቅበሪው፣ ድንጋይ ላይ በክር እሰሪው።

ቫሊስኔሪያ፣ ሆርንወርት፣ ጃቫ ሞስ የሚባሉት የውኃ ተክሎች ይበቁሻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ እንድትጨምሪላቸው አይፈልጉም። ባለ 6500 ኬልቪን (ነጭ ብርሃን ያለው) ተራ ኤልኢዲ አምፖል በየቀኑ ለ8 ሰዓት ያህል አብሪላቸው፤ ከዚያ ካበዛሽ አልጌ ይወርሰዋል። «ከሐይቅ በነፃ አምጪ» ያለሽን አትስሚ። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። እምቦጭማ ጣናንና ቆቃን ምን እንዳደረገ እያየን ነው።

ዓሣ ለማስገባት አትቸኩዪ። ከዓሣ ኩስ የሚወጣውን አሞኒያ የሚበሉት ባክቴሪያዎች ለመራባት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ሱቆች ይህን አይነግሩሽም፤ ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን መሸጥ ነው የሚፈልጉት። ውኃውን ከጀሪካን አፉ ሰፊ ወደሆነ ባልዲ ገልብጠሽ አንድ ቀን አሳድሪው፣ ክሎሪኑ ይተናል። ስፖንጅ ፊልተሩን (ውኃውን የሚያጣራውን ስፖንጅ) በቧንቧ ውኃ አትጠቢው፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ ስትቀይሪ ባወጣሽው የገንዳ ውኃ እጠቢው።

ተክል ለጌጥ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፣ ተክሉ ግን አሞኒያውን መምጠጡን አያቆምም። እኔ ሰፈር መብራት ግማሽ ቀን ጠፍቶ ያውቃል፣ አሁን ያሉኝ ዓሣዎች አንድም አልሞቱም። በዚህ እኮራለሁ። ቢሆንም ሌሊት ተክሉም ኦክስጅን ይጠቀማል፣ የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ ዓሣ አታብዢ።

ኒዮን የሚባለው ዓሣ ሙቀት ይፈልጋል፤ ያለ ማሞቂያ የኅዳር ሌሊት ይከብደዋል። ጎልድ ፊሽ ብርዱን ይችላል ግን ተክሉን ይነቅልብሻል፣ ገንዳውም ይጠበዋል። ዜብራ ዳኒዮ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ካገኘሽ እሱን ያዢ፣ ካጣሽ ጉፒ የሚባለውን።

አፈርና አሸዋውን አንጥፈሽ ውኃ ስትሞዪ እዚሁ ጻፊልኝ። ቫሊስኔሪያው በዝቶብኛል፣ በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጥሻለሁ። ብር አልቀበልም።