የበረዶ ቅንጣት ማስጌጫ በቤት ውስጥ፦ ጠይቁ፣ እንመልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ብርዱ ገብቷል፣ ልጆቹ ቤት ተዘግተዋል፣ መስኮቱ ባዶ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ልጆች ጋር የእጅ ሥራ እሠራለሁ። በዚህ ወቅት ከእጃችን የማይጠፋው የበረዶ ቅንጣት ነው። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔ የበረዶ ቅንጣት ከወረቀት ስቆርጥ ሁሌም 8 ጫፍ ነው የሚወጣልኝ። የሰው 6 ነው። ምን አድርጌ ነው?

መልስ፦ መቀስሽ ጥፋት የለበትም፣ አስተጣጠፉ ነው። ወረቀት ግማሽ በግማሽ እየታጠፈ ከሄደ ቁጥሩ 2፣ 4፣ 8 ነው የሚሆነው፤ 6 መቼም አይመጣም። አንድ ቦታ ላይ ለ3 መታጠፍ አለበት። ከኤ4 ወረቀት ላይ 21 በ21 ሳንቲ ሜትር ካሬ ቁረጪ። ከጥግ ጥግ እጠፊውና ሦስት ማዕዘን ይሁን። የረጅሙን ጎን መሃል በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፤ እምብርቱ እሱ ነው። ከዚያ ነጥብ ተነስተሽ ቀኙን ክንፍ ወደ ግራ፣ ግራውን ደግሞ በላዩ ወደ ቀኝ እጠፊ። ሦስቱ ክፍሎች እኩል ይሁኑ። ከዚያ አንዴ ለሁለት እጠፊው። አሁን 12 ድርብ ይዘሻል። ከላይ የወጣውን ጆሮ ቆርጠሽ ጣይ፣ ጎንና ጎኑን እንዳሰኘሽ ቦርቡሪ። ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ግን አትቁረጪ፤ ያኔ ቅንጣቱ ይበጠስብሻል።

ዲዛይን ዲዛይን የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሥራው ያለው ማጠፉ ላይ ነው። በደንብ የታጠፈ ወረቀት እንዴትም ቢቆረጥ ያምራል።

ጥያቄ፦ ለ3 እኩል ማጠፍ አቃተኝ። ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያ) ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ አትግዛ። የግድግዳ ሰዓት የለህም? በሰዓቱ ላይ ከ12 ቁጥር እስከ 2 ቁጥር ያለው ክፍተት 60 ዲግሪ ነው። ከሦስቱ ክፍሎች የእያንዳንዱ ስፋትም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። መቀሱ አልቆርጥ እያላት ታለቅሳለች።

መልስ፦ እውነቷን ነው፣ 12 ድርብ የፕሪንተር ወረቀት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። የቡና ማሽን ማጣሪያ ወረቀት ስጫት፣ ክቡንና ጠፍጣፋ የሚሆነውን። ስስ ነው፣ ክብ ስለሆነም ካሬ መቁረጥ አያስፈልግም። ሌላው ዘዴ የመጨረሻውን ማጠፍ መተው ነው። 6 ድርብ ብቻ ይሆንና መቀሱ ይገባል። ግን ሁለቱን ጎን አንድ ዓይነት ካልቆረጠችው ቅርንጫፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ 3 ጎን ያዘነብላሉ። ለ5 ዓመት ልጅ ምን ችግር አለው!

ጥያቄ፦ ለምን ግን የግድ 6? 8ቱም እኮ ያምራል።

መልስ፦ ያምራል፣ ማንም አይከለክልህም። ግን የሰማዩ በረዶ 6 ነው። ውሃ ሲረጋ ሞለኪውሎቹ የሚሰካኩት ባለ 6 ማዕዘን ሆነው ነው፤ ቅንጣቱም ያንን ይዞ ያድጋል። ኬፕለር የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1611 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ ጽፎበታል። ዊልሰን ቤንትሊ የሚባል የአሜሪካ፣ የቬርሞንት ገበሬ ደግሞ በ1885 ካሜራና ማይክሮስኮፕ አጋጥሞ አንዲት ቅንጣት ፎቶ አነሳ። በሕይወት ዘመኑ ከ5,000 በላይ አነሳ። ሞዴል ካጣችሁ የሱን ፎቶዎች እያያችሁ ቁረጡ፤ ከየትኛውም ዝግጁ ዲዛይን ይሻላሉ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የኛ የክረምት በረዶ ታዲያ ለምን ኮከብ አይመስልም?

መልስ፦ አፈጣጠሩ ሌላ ነው። ቆርቆሮ የሚደበድበው በረዶ የውሃ ጠብታ ደመና ውስጥ እየተጓዘ፣ በላዩ ላይ ውሃ እየረጋበት የሚጠነክር ነው። ስለዚህ ድቡልቡል ይሆናል። ቅንጣቱ ግን በቀጥታ ከእንፋሎት ነው የሚያድገው። ቅርንጫፍ ያለው ኮከብ በደንብ የሚወጣው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዜሮ በታች 5 አካባቢ ሲሆን መርፌ የመሰለ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በቦራክስ (ለልብስ ማጠቢያ በሚሸጠው ነጭ ዱቄት) ክሪስታል ይሠራል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ያብረቀርቃል። ፀጉራም ሽቦ በኮከብ ቅርጽ ታስሮ በፈላ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል። በአንድ ኩባያ ውሃ 3 የሾርባ ማንኪያ ቦራክስ ነው። በማግስቱ ክሪስታል ለብሶ ይገኛል። ግን ቦራክስ ከተዋጠ መርዝ ነው፤ በአውሮፓ ህብረት አገሮችም ሽያጩ ላይ ገደብ አለ። ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት እኔ አልሠራውም። በምግብ ጨው ሞክሩት። ውሃው ጨው አላሟሟም እስኪል ጨምሩበት፣ ቀናት ታገሱ። እንደ ቦራክሱ ባያበራም ነጭ ደቃቅ ክሪስታል ይይዛል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ወረቀት አላውቅበትም። ኪሮሽ ግን እጄ ነው። ለዚህ ይሆናል?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ ሁላችንንም ይበልጡናል! ለቴሌቪዥንና ለሶፋ ዳንቴል የሠራ እጅ ይህን በአንድ ምሽት ይጨርሳል። ነጭ የጥጥ ክር ይያዙ፣ ከመሃል በ6 ቅርንጫፍ ይጀምሩና መዳፍ የሚያህል ይሥሩ። ቁም ነገሩ ማድረቁ ላይ ነው። ስኳርና ውሃ እኩል አድርገው ያሟሙ፣ ዳንቴሉን ይንከሩና ጨመቅ ያድርጉት። ካርቶን ላይ ላስቲክ አንጥፈው 6ቱን ጫፎች ወጥረው በስፒል ይውጉ። ስፒሉ የማይዝግ ይሁን፤ ዝገት ከነጭ ክር ላይ አይለቅም። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስኳሩ ጉንዳን ይጠራል ብለው ከሰጉ በስኳሩ ፋንታ ነጭ ሙጫ በእኩል ውሃ ያቅጥኑ። በስስ ናይለን ክር ይስቀሉት።

ከዚህ ሁሉ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ወረቀቱን ፈረንጁም ይሠራዋል፤ ዳንቴሉ ግን የቤታችን ነው።

ጥያቄ፦ ፈረንጆቹ ገናቸው ሲያልፍ ያወርዱታል። እኛስ?

መልስ፦ ታኅሣሥ 29 እየመጣ ለምን ይወርዳል? ደግሞ የበረዶ ቅንጣት የበዓል ብቻ አይደለም። እዚህ በረዶው እስከ መጋቢት አለ፤ ማስጌጫውም ይቆይ።

ጥያቄ፦ መስኮት ላይ የለጠፍኩት ተጠቀለለ።

መልስ፦ የመስኮቱ ላብ ነው። ከመለጠፍሽ በፊት መስታወቱን አድርቂ። ወረቀቱንም በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል አድርገሽ ያለ እንፋሎት በካውያ ተኩሺው። በስኮች ጫፍ ጫፉን ያዢው።

ጥያቄ፦ ለከርሞ ማስቀመጥ ይቻላል?

መልስ፦ ወረቀቱን ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ። በሙጫ የደረቀውን ዳንቴል ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ። የስኳሩን ግን ለብ ባለ ውሃ እጠቡና ክሩን ብቻ አስቀምጡ፤ ለከርሞ እንደገና ይነከራል።